ገመዱን ያሰረ ይቅደም

የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። ልጆቹ ጋሼ ገመድ ይሉታል። እኔ ስሙን ከጠራሁት ቆይቻለሁ፤ «አንተ» እለዋለሁ፣ «አንቺ» ይለኛል፣ እንግባባለን። ጽሑፍ ብዙም አልችልም። የተጣመመ ቃል ካለ የሚያነበው ሰው ያቃናልኝ።

የምንኖረው የወጣቶች ካምፕ ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ከየክበባቸው ተሰብስበው በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ መሪዎቻቸው ፊሽካ በአንገታቸው አንጠልጥለው ከፊት ከፊት ይወርዳሉ። ከበሩ ሲገባ የመኝታ ቤቶቹ አሉ፣ ተደራራቢ አልጋ ያላቸው። ከጀርባቸው ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ነው። ከዚያ የመመገቢያ አዳራሹ፣ ከዚያ እሳት የሚነድበት በድንጋይ የተከበበ ቦታ፣ አጠገቡም አሸዋ የሞሉ ቀይ ባልዲዎች፣ እሳቱ አልታዘዝ ሲል የሚደፉበት። ታች ሐይቁ ነው። የሚዋኙበት ቦታ በተንሳፋፊ ኳስ ተከልሏል፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብስ ጀልባ ላይ የሚወጣ የለም። በሜዳውና በሐይቁ መካከል ደግሞ ማማው ቆሟል።

ማማው ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ከዛፎቹ ይበልጣል። ከአናቱ ላይ የብረት ገመድ ተወጥሮ ሐይቁ ዳር ካለው የሣር ጉብታ ድረስ ይወርዳል። ልጁ መታጠቂያውን ይታጠቃል፣ መታጠቂያው ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ገመዱ በብረት ገመዱ ላይ ከሚንከባለለው መዘውር ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ልጁ ከጣውላው ላይ እግሩን አንስቶ ወደ አየር ይገባል። ዥ......ው ነው። ልጆቹ ወደዚህ ካምፕ የሚመጡት ለሱ ነው። ሌላው ሁሉ ማሟሟቂያ ነው።

ባለቤቴ ያንን ማማ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ድሮ ፎቅ ቤት ሲሠራ የሚቆመውን መወጣጫ እንጨት የሚያስር ሰው ነበር። እንደ ዝንጀሮ ነበር ይላሉ አብረውት የሠሩት፤ አንድ እጁ ሚስማር ይዞ በአንድ እጁ ይንጠለጠል ነበር። ማማው ሲያልቅ ሌሎቹ ሂሳባቸውን ይዘው ሄዱ፣ እሱን «ቅር ካላለህ እዚሁ ቅር» አሉት። ጥበቃም፣ አናጢም፣ የማማው ኃላፊም ሆነ። ቤትም ሰጡት። ያኔ ነው ያገባኝ። እኔ የካምፑን አንሶላና ብርድ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፣ እስካሁንም አለሁ።

ቤታችን ከብርድ ልብስ መጋዘኑ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አንዲት ክፍል ናት፣ ከጎኗ ጠባብ ማብሰያ አላት። ልጃችንን ያሳደግነው እሷ ውስጥ ነው። አሁን አግብታ ከተማ ነው ያለችው፣ እሷም አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከነአማቷ። ቤቱ የሥራው ነው። ሥራው ካለ ቤቱ አለ።

ማማው ላይ አንድ ደንብ አለ። ካምፑን ያቋቋሙት ሽማግሌ ናቸው ያወጡት፣ አሁን በሕይወት የሉም። ገመዱን ጤዛ እንዳይበላው ማታ ማታ ተፈትቶ መጋዘን ይገባል፣ በማግስቱ እንደገና ይታሰራል። ሽማግሌው «ገመዱን ያሰረ ይቅደም» አሉ። ያሰረው ሰው በልጆቹ ፊት፣ ልጆቹ የሚታጠቁትን ታጥቆ፣ መጀመሪያ ራሱ ይወርዳል። ከመውረዱ በፊት እያንዳንዱን መንጠቆ ከፍ አድርጎ እያሳየ «ያዘ?» ይላል። ልጆቹ ከታች «ያዘ!» ይላሉ። ወገቡን፣ እግሩን፣ ራሱ ላይ ያለውን ቆብ፣ ሁሉንም። «ያዘ?» «ያዘ!» ከዚያ ዥው።

ባለቤቴ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም፣ ግን ያስቃቸው ነበር። «እኔ ከወደቅኩ እናንተ ምሳ ትበላላችሁ፣ እናንተ ከወደቃችሁ እኔ ምሳ አልበላም!» ይላቸዋል። ልጆቹ ይንከተከታሉ። እኔ ያን ጊዜ አንሶላ ከማሰጣበት ገመድ ኋላ ነኝ። ሰው ፊት መቆም አይሆንልኝም። ምግብ አብሳይዋ «አንቺ ድመት» ትለኛለች፣ ኮቴም ድምፅም የለሽም ማለቷ ነው። የልጆቹ መሪዎች ሰላም ሲሉኝ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። ለምን እንደሆነ እንጃ። አፈጣጠሬ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከጉብታው ላይ ተነስቶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ጉንፋን ነው።»

ጉንፋን እግር አያንቀጠቅጥም። ከዚያ የቤታችን ጣሪያ አፈሰሰና ውጣ ስለው «ነገ» አለኝ። በማግስቱም «ነገ» አለኝ። ባልዲ ደቅነን ተኛን። ስንት ፎቅ ላይ የተንጠለጠለ ሰው የራሱ ጣሪያ ላይ መውጣት አቃተው! ያኔ ገባኝ። አፋጥጬ ጠየቅኩት።

«ከላይ ሆኜ ሳይ መሬቱ ይዞራል» አለኝ። «ይዞርና ና ይለኛል።»

ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ጆሮውን አየች፣ ዓይንህን ጨፍነህ ቁም አለችው፣ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። «አባባ፣ ከእንግዲህ ከፍ ያለ ቦታ አይውጡ» አለችው። «ምን ያህል ከፍ?» አላት። «ወንበርም ቢሆን» አለችው። ካምፑ ስንደርስ በሩን ከፈተ፣ ገባን፣ ከውስጥ ቆለፈው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ እዚያው በሩን ይዞ ቆመ።

«አንቺ» አለኝ፣ «ለሰው እንዳትናገሪ።»

«ለማን እናገራለሁ? እኔ ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?»

ብንናገር ሥራው ይሄዳል። ሥራው ከሄደ ቤቱ ይሄዳል። ልጃችን ጋ እንሂድ ቢባል አማቷ አልጋ ላይ፣ እሷና ባሏ መሬት ላይ ነው የሚተኙት፤ እኛ የት እንጋደም? ባንናገር ደግሞ ማማው አለ። መስኮታችንን ስከፍት የማየው እሱን ነው፣ ስዘጋውም ጥላው መጋረጃው ላይ ያርፋል። ወደ ፊት ቢሉት ገደል ወደ ኋላ ቢሉት ገደል የሚባለው እንዲህ ነው ለካ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ባለቤቴ ጆንያ አገባ። ከቀዮቹ ባልዲዎች አሸዋ ገልብጦ ጆንያ ሞላ፣ ሰው ያህል እስኪከብድ። መሰላሉን ያን ጊዜ ገና ይችለዋል፤ ሰው ሳይነቃ ወጥቶ፣ ምሰሶውን አቅፎ ገመዱን ያስርና ቀስ ብሎ ይወርዳል። የማይችለው እግሩን ከጣውላው ማንሳቱን ነው። ልጆቹ ሲሰበሰቡ ይወጣና ጆንያውን ከታች በገመድ ጎትቶ፣ መታጠቂያውን ወገቡ ላይ አስሮለት ይገፋዋል። ዥው! ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ምግብ አብሳይዋ ከማብሰያ ቤት ወጥታ «ዘንድሮስ ጆንያ ሲጋልብ አየን!» አለች።

አለቃችን ጠራችው። ወጣት ሴት ናት፣ ክፉ አይደለችም፣ ሁላችንም አለቃ ነው የምንላት።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ መቅደም ያለብዎት?»

«የብረት ገመዱን ጥንካሬ እየፈተንኩ ነው አለቃ። ጆንያው ከኔ ይከብዳል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አመነችው። ስንት ዓመት ያልዋሸ ሰው ሲዋሽ ማን ይጠረጥራል?

ጆንያው ለጥቂት ጊዜ ሰነበተ። እኛም ትንሽ ተንፈስ አልን። አንድ ቀን ግን አንዲት ቀጭን ልጅ ወረደች። ወደ አንድ ጎኗ ዘመም ብላ፣ እየሳቀች፣ ደህና ደረሰች። ባለቤቴ መታጠቂያዋን ሲፈታላት የግራ እግሯ ማሰሪያ ስፌቱ ተተርትሮ በክር ተንጠልጥሏል። ልጅቷ አላወቀችም። «ድጋሚ ልውረድ ጋሼ!» ትላለች። መታጠቂያውን በብብቱ ሸጉጦ ቤት ይዞት መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እይው» አለኝ።

አየሁት።

«ጆንያው በዚህ ነበር የወረደው። ምንም አልሆነም። ለምን መሰለሽ?» አለኝ። መልስ አልጠበቀም። «ጆንያ እግር የለውም።»

መታጠቂያውን ለአለቃ ሰጥቶ ሌላ እንዲመጣ አደረገ። ከዚያ ጆንያውን እየጎተተ ወስዶ አሸዋውን ወደ ባልዲዎቹ መለሰ። ከአሁን በኋላ ራሴ እቀድማለሁ አለ። እጁን ያዝኩት። «ነርሷ ያለችህን ረሳህ?» ብለው «የነርሷን ሰምቻለሁ፣ የልጅቷንስ እግር ማን ይስማ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ።

አዲስ ቡድን መጣ። ብዙ ናቸው፣ ሜዳውን ሞሉት። እኔ ብርድ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ባለቤቴ ገመዱን አስሮ ስለነበር አሁን ታጥቆ ወጣ። መሰላሉ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ልጆቹ «ጋሼ ገመድ! ጋሼ ገመድ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ጣውላው ላይ ደረሰ። ገመዱን መዘውሩ ላይ አንጠለጠለ፣ መንጠቆውን አሳየ።

«ያዘ?»

«ያዘ!»

ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። የእግሩን ማሰሪያ ሊያሳይ ጎንበስ አለ። በዚያው ቀረ። ምሰሶውን በሁለት እጁ አቀፈ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ ለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ልጆቹ ቀልድ መሰላቸው። የቡድን መሪው ራሱ «ጋሼ፣ ምሰሶውን ሳሙት አይደል!» ብሎ አሳቃቸው። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ጠፋ። መሪው መሰላሉን ያዘ።

«አትውጣ!» አለ ባለቤቴ ከላይ። «ማንም እንዳይወጣ!»

«ጋሼ፣ ልርዳዎት እኮ ነው።»

«አትንካኝ ብያለሁ! ብትነካኝ እወድቃለሁ።»

መሪው ቆመ። አንዷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። አለቃም ከቢሮ እየሮጠች መጣች፣ እሷም ቀና ብላ ቆመች። ያን ሁሉ ሕዝብ አቋርጬ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። እጄ እርጥብ ነበር፣ ሽርጤም እርጥብ። መሪው «እትዬ፣ ወዴት ነው?» አለኝ። ልመልስለት አፌ እምቢ አለ፤ ወደ ላይ በጣቴ አሳየሁት። አለቃን አየ፣ አለቃ ይሁን ብላ ራሷን ነቀነቀች። መታጠቂያ አስሮልኝ፣ መሰላል የሚወጣ ሰው እንዳይወድቅ ከማማው አናት የሚወርደውን ገመድ ከታች ያዘልኝ።

በዚያ መሰላል ወጥቼ አላውቅም። ታች አላየሁም። የባለቤቴን ጫማ ብቻ እያየሁ ወጣሁ። ስደርስ ዓይኑን አልገለጠም።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ብርድ ልብሱን አሰጣሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።»

ሊስቅ ነበር መሰለኝ፣ ግን አለቀሰ። «አየሽ ጉዴን» አለኝ። «አልወርድም። በየትም አልወርድም። እዚሁ እሞታለሁ።»

«እዚህ ብትሞት ማን ያወርድሃል? ያው እኔው ነኝ። ስለዚህ በሕይወትህ እያለህ ውረድ፣ ይቀልልኛል።»

የኔ ምላስ እንዲህ ይላል ብዬ አላስብም ነበር። ከኔ የመሰላል ገመድ ሌላ ለሱ የሚሆን ገመድ ነበረ፤ መንጠቆውን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ እየዳሰሰ ነገረኝ፣ እኔ አያያዝኩት፣ ከመዘውሩም አላቀቅኩት። ሌላ መሪ ከታች ያዘው። እኔ ቀድሜ ወረድኩ፣ እሱ ከበላዬ። እግሩን በእጄ እየያዝኩ ከደረጃ ደረጃ አስቀመጥኩለት። «ቀኝህን ስጠኝ። አለ፣ አለ፣ እንጨቱ እግርህ ሥር ነው። አሁን ግራህን።» እንደ ሕፃን። ልጆቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። መሬት ስንደርስ አጨበጨቡ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ፣ ሽርጤን ፊቴ ላይ አደረግኩት።

ቢሮ ተጠራን። አለቃ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

ባለቤቴ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ልጆች ናቸው እኮ እዚህ ያሉት።»

«ብነግርሽ የት ልሂድ?» አላት። አንቺ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

አለቃ እስክሪብቶዋን አገላበጠች። ቤቱን የሰጠችው እሷ አይደለችም፣ የምትነጥቀውም እሷ አይደለችም፤ የካምፑ ቦርድ ነው። ቦርዱ ግቢ ውስጥ የሚኖረው ሰው የማማው ሰው ይሁን ይላል። ሌላ ሰው ከተቀጠረ ቤቱ ለሱ ነው። ይህን ስትናገር እያፈረች ነበር፣ አየኋት። ከዚያ ዓይኗን ወደኔ አዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎስ?»

እኔ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ።

«እርስዎ ዛሬ ወጥተዋል። የባለሙያ ሥልጠና እናመጣለን። እርስዎ ገመዱን ቢያስሩ፣ እርስዎ ቢቀድሙ፣ ቤቱ እንዳለ ይቆያል።»

«አይሆንም!» አለ ባለቤቴ። «እሷ ሰው ፊት ስሟን መናገር ታፍራለች! ያን ሁሉ ልጅ ‹ያዘ› ልትል ነው?»

እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ እምቢ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም እምቢ ብዬ አላውቅም፣ ቃሉ መውጫውን አያውቀውም። የሚያውቀው ሌላው ቃል ወጣ።

«እሺ» አልኩ።

ቤት ስንገባ ወንበሩን ገፍቶ ተቀመጠ። «እምቢ ማለት አቃተሽ?»

«አንተስ አቅቶህ አልነበር?»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተጣላንም። የሚጣላ ሰው መሄጃ ያለው ሰው ነው።

አሠልጣኝ መጣ፣ አስተማረኝ፣ ፈተነኝ፣ ሄደ። ከሱ ይልቅ ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው፣ በልብስ ማስጫዬ እንጨት ላይ፣ ቋጠሮ እያስቋጠረ እያስፈታ። ጣቶቼ ቶሎ ለመዱት። አንሶላ ሲጨምቁ የኖሩ ጣቶች ገመድ አያቅታቸውም። አፌ ነው ያልለመደው። «ያዘ በይ» ይለኛል። «ያዘ» እላለሁ። «ማን ይሰማሻል? ጉንዳን ነው የምታስፈሪው?» ይለኛል።

እሱ ማጠቢያውን ተረከበ። ብርድ ልብስ ያጥባል፣ ያሰጣል። ጥሩ አጣቢ አይደለም፣ ጠርዙን ይረሳል። ምግብ አብሳይዋ «ጋሼ ገመድ፣ ከማማ ገመድ ወደ ልብስ ገመድ!» አለችው። ድሮ ቢሆን መልሶ ያስቃት ነበር። አሁን የተጨመቀውን ደግሞ ጨመቀ። የማማውን ገመድ በእጁ አይነካም። ከነካው መቅደም ሊኖርበት ነው፤ ደንቡ ደንብ ነው። ዳር ቆሞ በዓይኑ ይከተለኛል፣ ስሳሳት ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ እፈታና እንደገና አስራለሁ።

የመጀመሪያዋን ቀን ልጻፍ። ላይ ነኝ። ከዚያ ላይ ግቢው ሁሉ ይታያል፤ አጥሩ እንዴት ዙሪያውን እንደሚገጥም ከታች ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። ልጆቹ አንጋጠዋል። መንጠቆውን አነሳሁ።

«ያዘ?»

«አልሰማንም!» አሉ።

«ያዘ?»

«አልሰማንም እትዬ!» እየሳቁ ነው። ክፋት የለባቸውም። ከፍታው አይደለም የፈራሁት። እነዚያን ዓይኖች ነው። ወደ ኋላዬ መሰላሉ አለ፣ በመሰላሉ ብወርድ ግን የምወርደው ከነቤታችን ነው።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፣ ቃል ነበረ ወይስ እንዲሁ ጩኸት። እነሱ ግን «ያዘ!» አሉ። እግሬን አነሳሁ።

ባለቤቴን ከላይ ሳላየው አልወረድኩም። እኔን ወደ ላይ አንጋጦ ማየት እንኳ ያዞረዋል፤ ስለዚህ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አድርጎ ነበር የቆመው፣ እርጥብ ብርድ ልብስ በደረቱ ታቅፎ። አሁንም ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። በጆሮው ነው የሚከታተለኝ። የመዘውሩ ጩኸት ሣሩ ላይ ሲቆም ዞር ይላል። ተነስቼ ሲያየኝ ብርድ ልብሱን ያሰጣል። ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ አለቃ በመስኮት ታየኛለች፤ እኔም መታጠቂያዬን ሳልፈታ የፊተኛውን ልጅ ላስታጥቅ ወደ መሰላሉ እመለሳለሁ።